ወንዝ የተሻገረ ቅባት

ራቢያ የቅባቱን ቀንድ ከጨው ከረጢቷ ሥር አውጥታ መደቡ ላይ ስታስቀምጠው፣ የአፉ ሰም እንኳ አልተነካም ነበር። አሰለፈች አንሥታ ወዘወዘችው። ሙሉ ነው። በገዛ እጇ ያጠለለችው፣ ሰሙንም በገዛ አውራ ጣቷ ተጭና ያሸገችው ቅባት፣ የርብን ወንዝ ተሻግሮ ሄዶ፣ ርብን ተሻግሮ ጠብታ ሳይጎድልበት ተመልሷል።

"ሙላቴን አላገኘሽውም?" አለች። መልሱን ሳትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። "ሞቷል በይኝና ይለይልኝ።"

"አዑዙ ቢላህ! በአፍዎ አይጥሩት፣ እትዬ አሰለፈች።" ራቢያ በሩን ገርበብ አድርጋ ተመለሰች። "አግኝቻቸዋለሁ። ደኅና ናቸው። ደኅና ስል፣ አፋቸው ደኅና ነው። የከዳቸው ጉልበታቸው ነው።"

"ታዲያ ምነው ሳይቀባው?"

"እምቢ አሉኛ! 'ይኸ ርብን ተሻግሮ የመጣ ነው?' አሉኝ። 'ታዲያ በሰማይ ይምጣ?' አልኋቸው። ቀንዱን አገላበጡት፤ አሸተቱት፤ ከዚያ ስመው መለሱልኝ።"

"ሳመው?"

"'እጇ ነክቶታል' ብለው ሳሙት። 'ግን ውሰጂላት። ወንዝ የተሻገረ መድኃኒት ውሃ ነው፤ ይኸን ያስተማረችኝ እሷው ናት' አሉኝ። እኔማ ለመንኋቸው። አህያዬን እንኳ በዳገት እንደዚያ ለምኜ አላውቅም።"

አሰለፈች የቁርጥማት ቅባት ትሠራለች። ደብረ ታቦር ላይ ወገቡን ይዞ የሚያነክስ ሰው ሲታይ "አሰለፈች ዘንድ ሂድ" ይባላል። በጋፋት በኩል ከከተማው ዳር ባለችው ቤቷ፣ መደቧ ላይ ያልተጋደመ ባላገር ጥቂት ነው። ኑጉን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ወቅጣ ዘይቱን ታወጣለች። ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ትጨምርበታለች፤ ይኸን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በላይ ግን ማንም የማያውቀው አንድ ቅጠል አለ። ሙላቴ እንኳ፣ ባሏ ሆኖ አንድ ጣራ ሥር ሲኖር፣ አያውቀውም። ጠይቋትም አያውቅ።

ቅባቱን ከእናቷ ስትቀበል ሁለት ሕግ አብራ ተቀብላለች። አንደኛው፣ መድኃኒቱ ወንዝ አይሻገርም፤ ከተሻገረ ኃይሉን ውሃው ይወስደዋል። ሁለተኛው፣ የቅጠሉ ስም ከአፍ አይወጣም፤ ለሌላ ጆሮ ከተጠራ ኃይሉ ከጠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ሰሚው ይሄዳል። ለዚህም ነው ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለልጅ፣ በሞት አልጋ ላይ የሚጠራው። ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ቅባቱ ይመጣል እንጂ ቅባቱ ወደ ሕመምተኛው አይሄድም። መራመድ ያልቻለውን በቃሬዛ ያመጡታል። ከጉማራ ወንዝ ማዶ እናቱ የታመመችበት አንድ ጎልማሳ ደጃፏ ላይ ተንበርክኮ "ትንሽ በቅል ስጪኝ" ቢላት አልሰጠችውም። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ "ወንዝ ይገድለዋል ወንድሜ፤ እናትህን ተሸክመህ አምጣት" ያለው ሙላቴ ነበር።

ያ ሙላቴ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ከአርበኞች ጋር ወጣ። ከርብ ማዶ ባለው ደጋ ብርዱ ሲደራረብበት ጉልበቱ ያብጥ ጀመር። አሰለፈች ወሬውን በሰማች ጊዜ ከራሷ ጋር ብዙ ታገለች። በመጨረሻም "መቼም እግዚአብሔር የጭንቅን ቀን ያውቃል" ብላ፣ ቅባቱ ላይ አባታችን ሆይ ደግማ፣ ቀንዱን ለራቢያ ሰጠቻት። ራቢያ ከእብናት ጨው እያመጣች፣ ከዚህ በርበሬ እየወሰደች የምትነግድ፣ የይለፍ ወረቀት ያላት ሴት ናት። አሰለፈች ሁሉንም አስባ ነበር፤ ኬላውን፣ ፍተሻውን፣ የሰውን ዓይን። ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏ ከእሷ ይልቅ ቃሏን የሚያምን መሆኑን።

"እንግዲህ ይስሙኝ" አለች ራቢያ፣ ወደ መደቡ ጠጋ ብላ። "አለቃቸው ቆርጧል። ርብ ሳይሞላ ወደ ቆላ ሊወርዱ ነው። የጰራቅሊጦስ በዓላችሁ ባለፈ ማግሥት። በእግሩ መሄድ ያልቻለ ወደ ቤቱ ይሸኛል ብሏል። ተሸካሚ የለንም ብሏል።"

"ወደ ቤቱ።"

"ወደ ቤቱ።"

 በሚያዝያ ወር እንዲሁ ቆስሎ ወደ ቤቱ የተሸኘ አንድ የሙላቴ ባልንጀራ ነበር። ለጣሊያን ያደሩ ባንዳዎች ከተኛበት አንሥተው ወሰዱት። ሚስቱ የት እንደ ቀበሩት እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።

"በዱላ አይሄድም?"

"እስከ ምንጩ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ግን መንገድ ላይ ቁጭ እያሉ ነው። ጧት ጧት ጉልበታቸው አይታጠፍም። ጓደኞቻቸው 'ያ የሚስቱ ቅባት ቢገኝና ቢታሽ፣ ትንሽ ቢፍታታለት፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ይከተለን ነበር' ይላሉ።" ራቢያ ቀንዱን በጣቷ ገፋ አደረገችው። "አንድ ነገር ልበል? ነገ ይኸንኑ ይዤ ልመለስ። 'እትዬ አስተማሩኝ፤ እዚሁ ሠራሁት' ልበላቸው። ሽታው ያው፣ ቀለሙ ያው። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

"እርስዎማ እዚህ ነዎት!"

"ካልሠራስ፣ ራቢያ? ርብ ኃይሉን ወስዶት ከሆነስ? ውሃ ቀብተን እናታልለው? ቀኑ አልፎ ወደ ቤቱ ሲሸኙት፣ ከመደቡ ላይ ሲያነሡት፣ ምን ብዬ ፊቱን አየዋለሁ?"

ራቢያ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከውጭ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀንዱን ሳብ አድርጋ ቀሚሷን ዘርግታ ተቀመጠችበት።

የገባችው የአጥር ጎረቤቷ ወርቅነሽ ናት። ልጇ ምሽጉ ውስጥ ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ያከብራታል፤ ከፊቷም ቃሉን ይመጥናል።

"ይኸ ትከሻ ዛሬም አላስተኛኝ ብሏል። እሺኝ እስቲ" አለች። "እንዴ! ጨው ሻጯም እዚህ ናት? አንቺን ደግሞ ምንሽን ነው?"

"ወገቤን" አለች ራቢያ። "ጨውን ከእብናት የሚሸከመው አህያው ነው፤ የሚያመው ግን እኔን ነው።"

ወርቅነሽ እየሳቀች ትከሻዋን ገልጣ ተቀመጠች። አሰለፈች ከቅሉ ትንሽ ቅባት በመዳፏ ቀዳች፤ እስኪሞቅ መዳፏን ከመዳፏ አፋተገች፤ ከዚያም ከትከሻ ወደ አንገት ቀስ እያለች ታሽ ጀመር። እጇ ሥራውን ያውቃል። ልቧ ከርብ ማዶ ነው።

"ሙላቴስ? ከወንዛዬ አልተመለሰም?"

"አልተመለሰም።" ለጎረቤት የተነገረው ይኸው ነው፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ገብቷል።

"አዪ! ያ ፍል ውሃ ሥጋውን ቀቅሎ ጨርሶ አጥንቱን እንዳይልክልሽ! ዓመት ሊሞላው እኮ ነው።"

"ቁርጥማት ጊዜ ይፈልጋል።"

"ሚስቱ ጠማቂ የሆነች ሰው ለጠላ ጎረቤት ሲዞር ሰው ምን ይላል? የቅባት ባለቤት ባል ለቁርጥማት ወንዛዬ ወረደ ሲባልም እንደዚያው ነው። ልጄ እንኳ ይገርመዋል።"

የአሰለፈች እጅ ቆመ። ራቢያ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። ደጅ አንድ ዶሮ ይጭራል።

"ነቢይ በገዛ አገሩ አይከበርም ይል የለም ወንጌሉ?" አለች አሰለፈች በመጨረሻ፣ እጇን እንደገና እያንቀሳቀሰች። "ቅባትም እንደዚያው ነው። ወደዚህ ዙሪልኝ።"

ወርቅነሽ ዞረች። ለጥቂት ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ታሸች፤ አንድ ሁለቴም "እሰይ፣ እዚያ ላይ" አለች። ሲበቃት ተሸፋፍና ተነሣች። በሩ ላይ ደርሳ ግን ቆም አለች፤ ወደ ሁለቱም ሳታይ፣ ወደ ደጁ እያየች ተናገረች።

"ከነገ በኋላ ወደ ርብ በኩል ይለፍ ያለውንም ቢሆን አናሳልፍም እያሉ ነው አሉ። ልጄ ሲያወራ ነው የሰማሁት። እንግዲህ ጨው የሚፈልግ ሰው ዛሬ ነገ ሳይል ይግዛ።" ነጠላዋን አጣፋች። "እጅሽ ይባረክ።"

ወርቅነሽ ወጣች። ያለችው ለማስጠንቀቅ ይሁን ለመሰለል፣ ሁለቱም ሊለዩት አልቻሉም።

"እንግዲህ መሄጃዬ ነገ ብቻ ነው" አለች ራቢያ ቀንዱን ከሥሯ አውጥታ። "ጎህ ሲቀድ አህያዬን እጭናለሁ። ይወስኑ።"

"ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሽ።"

አሰለፈች ራሷ እንዳትሄድ ይለፍ የላትም። ለምና ብታገኝ እንኳ፣ ጭሷ አንድ ጧት ካልታየ ወርቅነሽ አጥሩ ሥር ናት። አሰለፈች እጇን በአመድ ታጠበችና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች።

የነፍስ አባቷ መምሬ ዘውዱ ቅጥሩ ውስጥ ከጽዱ ሥር፣ እግራቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸውን በቅዳሴና በማኅሌት ቆመው የፈጁ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው ያንን ሁሉ መቆም አንድ በአንድ እያስታወሰ ይከሳቸዋል።

"ይፍቱኝ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ቅባት ይዘሽ ከሆነ ተቀመጪ። ኃጢአት ይዘሽ ከሆነም ተቀመጪ፤ እኔ መነሣት አልችልም።"

ተቀምጣ ሁሉን ነገረቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስትጨርስ እንዳንቀላፉ ብታስብ መቋሚያቸው መሬቱን ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገ።

"የወንዙን ነገር በመጽሐፍ አይተውት ያውቃሉ?" አለች።

"አላየሁም። ንዕማን ከለምጹ የነጻው በወንዝ ነው። ጌታችንም የተጠመቀው በወንዝ ነው። ወንዝ ሲፈውስ እንጂ መድኃኒት ሲገድል አላነበብሁም።" ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተመለከቱ። "ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪኝ። አምና ለእኅቴ ተዝካር ርብን ስሻገር፣ ከሰጠሽኝ ቅባት የተረፈችውን በትንሽ ቅል ይዤ ነበር።"

"አባቴ!"

"ማታ ተቀባሁት።"

"ሠራ?"

"ደኅና አድርጎ። ጉልበቴ መሻገሩን አልሰማም ይሆናል።"

አሰለፈች ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን አልቆየም።

"ቢሠራም ሙላቴ አይቀባውም። እርስዎ ብለዋል ብዬ ብልክበት ያከብርዎታል፤ ግን የያዘው የኔን ቃል ነው። ስንት ዘመን በር ላይ ቆሞ ለሰው ሲናገርልኝ የኖረውን እንዴት አድርጌ በጨው ነጋዴ አፍ 'ውሸት ነበር' እለዋለሁ? እኔስ ውሸት መሆኑን በምን አውቄ?"

"እንግዲህ የቀረሽ ሁለተኛውን ሕግ መተው ነው። ሴትዮዋ እዚያው ትሥራው።"

"ስሙን ነግሬያት? ለእናቴ ምዬ ነው። ለልጅ ካልሆነ ብዬ። ልጅ ደግሞ..." አልጨረሰችውም። መጨረስም አያስፈልጋትም፤ ሦስቱንም ልጆቿን ያጠመቁ፣ የሦስቱንም ፍትሐት ያደረሱ እሳቸው ናቸው።

መምሬ ዘውዱ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"መሐላውን እፈታሻለሁ። ያ የተሰጠኝ ሥልጣን ነው። የቅጠሉን ኃይል ግን እኔ አላሰርሁትም፤ እኔም አልፈታውም። አዳም የፍጥረቱን ስም ሲያወጣ በጆሮ ሹክ እያለ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እፈራለሁ። ኃይሉ ከእጅሽ ከወጣ ይኸ ጉልበት ለቅዳሴ አያቆመኝም።"

"እኔም እሱን ነው የምፈራው። የሚመጣውን ሰው ሁሉ ምን ልበለው?"

"አየሽ፣ እኔ ለራሴ ጉልበት ሳስብ ነው የተናገርሁት። የሽማግሌ ፍርሃት ነው፤ ለፍርድ አይሆንም። ሂጂ ልጄ። እኔ እጸልያለሁ።"

ወደ ቤቷ ስትወርድ የመንገድ ሠራተኞች ደንጊያ ከሚፈልጡበት ቦታ ደረሰች። ጣሊያኑ አሠሪ ከጥላው ሥር ተቀምጧል። ሰዎቹ በአቧራ ነጥተው፣ ወገባቸው ጎብጦ መዶሻቸውን ያነሣሉ፣ ይጥላሉ። አንዱ ሲያያት ቀና አለ።

"እትዬ አሰለፈች! ዛሬ ማታ ይኸን ወገብ ይዤልዎት እመጣለሁ!"

"ወገብህን ብቻ አይደለም፤ ያንን ምላስህንም ይዘህ ና፤ እሱ ነው ሥራ የበዛበት" አለው ጓደኛው። ሳቁ።

"ና" አለችው አሰለፈች። "ኑ።"

ጥቂት እርምጃ እንደ ሄደች ግን መዳፎቿን ገልጣ አየቻቸው። ዘይቱ ከጥፍሯ ሥር ገብቶ የማይለቅ ጥቁር መስመር ሠርቷል። ማታ ይኸ ሰው ሲመጣ እነዚህ እጆች የማንም ሴት እጅ ሆነው ሊጠብቁት ይችላሉ። ሕመምተኛ የማይመጣበትን ቤት አሰበችው። በሩ እስኪመሽ የማይንኳኳ፣ ሙላቴም የሌለበት፣ ልጅም የሌለበት ቤት። እናቷ ያን ስም በጆሮዋ ስትነግራት ትንፋሿ ምን ያህል ሞቃት እንደ ነበር ትዝ አላት፤ ወዲያውም የእናቷ እጅ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሙላቴን አሰበችው፤ ከምንጩ ሲመለስ መንገድ ላይ ቁጭ እያለ።

ራቢያ ስትመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አሰለፈች አንድ ስልቻ ኑግ ሞልታ፣ አፉን አስራ በሩ አጠገብ አቁማው ነበር።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ኑግ ነው። ከጨውሽ ይልቅ ይቀላል። ትይዢዋለሽ።"

ራቢያ ስልቻውን አየች፤ አሰለፈችን አየች። "ኑጉስ ርብን ሲሻገር ምንም አይሆን?"

"ኑግ እህል ነው። ገና መድኃኒት አልሆነም። እህል ርብን ሲሻገር የኖረ ነው።"

"ኑጉ ይሻገራል፤ ዘይቱ አይሻገርም።" ራቢያ ራሷን ነቀነቀች። "ከኬላው የናንተ ሕግ ይከብዳል፣ ወላሂ! እዋሻቸዋለሁ ስልዎት እምቢ አሉኝ። አሁን የተደበቀውን ነገር ሊሰጡኝ ነው? የቱ ይብሳል?"

"ውዬ ያሰብሁት እሱን ነው።" አሰለፈች ምድጃው አጠገብ ተቀመጠችና ቦታ አሳየቻት። "የወንዙን ሕግ እሱ ይዞታል። ከእጁ ልነጥቀው አልችልም። ሳያውቅ ነጥቄው ቢድን እንኳ፣ ሁለተኛ በምን ቃሌ ያምናል? የስሙ ሕግ ግን የኔ ነው። ልሰብር የምችለው የራሴን ነው። ቁጭ በይና እጄን እይ።"

ራቢያ ቁጭ አለች።

"ኑጉን ለብ አድርገሽ ቆልተሽ ትወቅጪዋለሽ። በፈላ ውሃ ትለውሺዋለሽ፤ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ በጭልፋ ትቀጂዋለሽ። ይኸን ታውቂዋለሽ።"

"ይኸንማ ማን ያጣዋል።"

"ሰው የሚያጣው ከዚህ ወዲያ ነው። ጤና አዳሙንና ጦስኙን ጧት ቆርጠሽ ከጥላ አውዪው፤ ይጠውልግ። እርጥቡን ከጨመርሽው ዘይቱ ይተፋዋል፤ ውሎ አድሮም ይሻግታል። ሽንኩርቱን ትጨፈልቂዋለሽ እንጂ አትወቅጪውም። ከዚያ ነበልባል ላይ አይደለም የምትጥጂው፤ ረመጥ ላይ ነው።" የቀረ ዘይት ያለበትን ገል ረመጡ ላይ አስቀመጠች፤ ጣቷን ነከረችበት። "አንቺም ንከሪ። እንዲህ ብቻ ይሙቅ። ጣትሽ ካልቻለው በዝቷል።"

ራቢያ ጣቷን ነከረች። "እንደ ሕፃን ገላ ውሃ ነው።"

"ልክ ነው። እንደ ሕፃን ገላ ውሃ። ከዚያ ከነቅጠሉ ትኩስ አመድ ውስጥ ይደር። ጧት በስስ ጨርቅ አጥልለሽ በመዳፍሽ አሙቂው። ከቁርጭምጭሚቱ ጀምረሽ ወደ ላይ እሺው እንጂ ወደ ታች አታውርጂው። የቆሰለ ቦታ አታስነኪው። እምቢ ብሎ ቢጮህ አትስሚው፤ ሲነኩት ይጮኻል።"

"አያ ሙላቴን እኔ ላሻቸው?" ራቢያ አፏን በሻሿ ሸፈነች። "ሰው ምን ይለኛል?"

"ጓደኞቹ ያሹታል። አንቺ ቆመሽ ተቆጪያቸው።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀ፤ የቀረው ምን እንደ ሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

አሰለፈች ወደ ጓዳዋ ጥግ አየች። እዚያ የተከመረው ማገዶ ነው። ተነሥታ አንድ ቅርንጫፍ መዝዛ ልታሳያት ትችል ነበር። ሳትናገር፣ በጣት ብቻ። እናቷ 'ስሙን አትጥሪ' አለች እንጂ 'አታሳዪ' አላለችም። ለአፍታ ይኸ ብልሃት ጥሩ መስሎ ታያት። ቀጥሎ ግን አፈረች፤ ባሏን አላታልልም ያለች ሴት የሞተች እናቷን ልታታልል ነው። ሕጉን ከሰበረች በግልጽ ትስበረው።

ራቢያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ልማልልዎት። ወላሂ ለ..."

"አትማይ" አለች አሰለፈች።  ስሙን እናቷ ከነገረቻት ወዲህ ብቻዋን ሆና እንኳ በድምፅ ጠርታው አታውቅም። "አስታ ነው።"

"ምን?"

"አስታ። የጫፉ ለጋ ቅጠል፣ ከነአበባው።"

ራቢያ ጓዳው ጥግ ያለውን ክምር አየች። አሰለፈች ከጉና ተራራ ከሚወርዱት ሴቶች ሁልጊዜ የምትገዛውን፣ ጎረቤት ሁሉ "ምነው ይኸን ቶሎ የሚያልቅ ማገዶ ወደድሽ" የሚላትን።

"አስታ? ማገዶው?"

"ማገዶው። ጫፍ ጫፉን ከመለመልሁ በኋላ ነው የማነደው።"

"ኧረ እትዬ!" ራቢያ በሁለት እጇ ጉንጯን ያዘች። "እነ አያ ሙላቴ የሚተኙት እኮ እሱ ላይ ነው! እዚያ ደጋ ሞልቷል። ጎዝጉዘውት ነው የሚያድሩ። ከጎናቸው እየተነሣ ጠጉራቸው ላይ ይሰካል!"

አሰለፈች ልትስቅ ፈለገች። ነገር ግን የመጣው ሳቅ አልነበረም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አነሣች። ሙላቴ ያ ሁሉ ቀን ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት፣ መድኃኒቱን ተኝቶበት ሲያቃስት። ቅጠሉን ያላወቀው እሷ ስላልነገረችው ነው።  ራቢያ ገሉን ከረመጡ ላይ አውርዳ፣ የተረፈውን ፍም አመድ አለበሰችው።

"ይሠራል?" አለች ራቢያ ቆይታ፣ በቀስታ። "ከኔ እጅ?"

"ከነገርሁሽ በኋላ ያንቺ ነው። እናቴ እንደዚያ ነው ያለችኝ።"

"ከርስዎስ ሄደ?"

አሰለፈች መዳፏን አየችው። ምንም የተለየ ነገር አይሰማትም፤ እናቷም የሄደ ሲሄድ ምን እንደሚሰማ አልነገረቻትም። "እንጃ" አለች። "ማታ አንድ ወገቡን የሚያመው ሰው ይመጣል። እሱ ይነግረኛል።"

ራቢያ ስልቻውን አንሥታ ክብደቱን ለካች፤ በትከሻዋም አዘለችው። ከደጁ የመጨረሻው ብርሃን ገብቶ ምድጃው ድረስ ደርሷል። በሩ ላይ ስትደርስ እንደ ገና ዞረች።

"አንድ ነገር ቀረኝ። እዚያ ደጋ ጉልበቱን የሚያመው እሳቸው ብቻ አይደሉም። ብርዱ ሁሉንም ነው የፈጃቸው። የገበሬዎቹ ሚስቶችም ሲያዩኝ 'ምን እየሠራሽ ነው' ማለታቸው አይቀርም። ምን ልበላቸው?"

አሰለፈች አመድ የለበሰውን ፍም አየች።

"ብነግራቸው ከኔም እጅ ይሄዳላ?" አለች ራቢያ።

"ይሄዳል።"

"ታዲያ ልደብቀው?"

ደጁ ላይ አህያዋ ትንፋሹን በአፍንጫው ነፋ። ከመንገዱ በኩል ሥራ የለቀቁት ሰዎች ድምፅ እየቀረበ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ዝም በል ይለዋል። አሰለፈች ተነሥታ እስከ በሩ መጣች። ስልቻው ከራቢያ ትከሻ ላይ እንዳይንሸራተት ማሰሪያውን አጠበቀችላት።

"ይሂድ" አለች። "ለጠየቀሽ ሁሉ ንገሪ። ብቻ ዘይቱ እንዳይጨስ በያቸው።"